አጥር ሥር የተተወ ጆንያ

ሰኞ፣ ኖቬምበር 4

እኔ ጉሜርሲንዶ፣ ዕድሜዬ ሃምሳ ስምንት፣ ይህን በገዛ እጄ ጻፍኩ። ማንም እጄን አልያዘኝም። አምና በዚህ ቀን ፈርም ሲሉኝ አውራ ጣቴን ቀለም ውስጥ ነክሬ ነበር፤ ዛሬ ያው አውራ ጣት እስክሪብቶ ይዞ ያዝዛል። ደብተሩን የሰጠችን የማታ ትምህርት መምህራችን ማርሉሲያ ናት። በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ጻፉ፣ ካልጻፋችሁ እጃችሁ ይዝጋል አለችን። የግል ነገራችሁን አላነብም፣ ዓርብ ዓርብ ከገጹ ግርጌ ቀኑን ጽፌ እፈርማለሁ፣ መጻፋችሁን ብቻ ነው የማየው አለች። ብታነበውስ፣ እኔ ምን የሚደበቅ ነገር አለኝ።

ዋናው ወሬ ግን ሌላ ነው። ትናንት ማኅበሩ ተሰብስቦ የፍሬ መዝገብ ያዥ አድርጎ መረጠኝ። መረጠኝ ስል፣ ተነሥቼ ከእኔ የተሻለ የሚጽፍ ካለ ይምጣ አልኩ፣ ማንም አልመጣም። አበልጄ ኦዞሪዮ ከኋላ ወንበር ሆኖ "ከእኔ የተሻለ የሚያወራ ካለ ይምጣ ብትል ኖሮ ደግሞ በሩን እንዘጋ ነበር" አለ። ሰው ሳቀ። ሳቅም የምርጫ ድምፅ ነው።

ሥራው ቀላል አይደለም። የማካውባ ዘንባባችን ፍሬ እስከ ዛሬ የሚሄደው ለሳሙና ነበር። አሁን ዘይቱን የአውሮፕላን ነዳጅ የሚሠራ ፋብሪካ ሊወስደው ነው፤ የተረፈው ደግሞ ለመርከብ ይሆናል አሉ። ፋብሪካው ግን ፍሬ ብቻ አይበቃውም፣ የምስክር ወረቀትም ይፈልጋል። ይህ ፍሬ ጫካ ተመንጥሮ የተገኘ አይደለም፣ ከየትኛው መሬት ከማን ዛፍ ሥር እንደተለቀመ ይታወቃል የሚል ወረቀት። ከሁለት ሺህ ስምንት ወዲህ ከተመነጠረ መሬት አንዲት ፍሬ ብትገባ ወረቀት የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ጆንያ ከነባለቤቱ፣ ከነመሬቱ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ በጃንዋሪ ኦዲተር መጥታ ታያለች። አርባ ሦስት ቤተሰብ በአንድ ወረቀት ሥር ነን። አንዱ ከተንሸራተተ ሁላችንም እንወድቃለን።

ሊፍት ላይ እንኳ ወጥቼ የማላውቅ ሰው አውሮፕላን ላነሳ ነው።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 7

ፍሬው መውደቅ ጀመረ። አንዱ ባርኔጣዬ ላይ አረፈ። ባርኔጣዬን ባላደርግ ኖሮ ዛሬ አዲስ መዝገብ ያዥ ይመረጥ ነበር። ከመሬት ብቻ ነው የምንለቅመው፤ ግንዱ እሾህ በእሾህ ነው፣ የሚወጣበት ሞኝ ብቻ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ካደረ ዘይቱ ይበላሻል፣ አለዚያም የሰው ላም ትቀድምሃለች።

ወገቤ። ሌላውን ነገ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 9

ዛሬ የዶና ኢውታልያ ደቦ ነበር። ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ጉልበቷ እምቢ ካላት አንድ ዓመት። ሠላሳ ዛፍ አላት፣ ጎንበስ ብሎ የሚለቅምላት ግን የላትም። አሥራ ሁለት ሆነን ሄድን። የወደቀላትን ለቀምንላት፣ ደግሞ እያንዳንዳችን ከየመሬታችን ያመጣነውን አንድ አንድ ጆንያ አጥሯ ሥር ጣልን። የአገሩ ደንብ ነው። ሰው ሲደክም አጥሩ ሥር ጆንያ ይተውለታል፣ የማን ነው ተብሎ አይጠየቅም። የሚጠይቅ ባለጌ ነው፤ "የእኔ ነው" የሚል ደግሞ ከባለጌም የባሰ። የተሰጠ የተቀባዩ ነው።

ቤቴ ገብቼ መዝገቡን ሞላሁ። ኢውታልያ፣ አሥራ ሰባት ጆንያ። መሬት፣ የኢውታልያ። ጽሕፈቴ ቀጥ ያለ፣ ክር የተዘረጋበት ይመስላል።

ፔኪ የሚባለው ፍሬ የገባበት ሩዝ አበላችን። ለሌላው አንድ ጭልፋ፣ ለእኔ ሁለት። ሆዴ ትልቅ ስለሆነ ነው መቼም።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 12

በቅሎዬ ማርኬዛ ጉድ ሠራችኝ። ሦስት ጆንያ ጭኛት ወደ ሚዛን ቤቱ ስንሄድ መታጠፊያው ላይ ወደ ግራ አለች። ግራው የዶና ኢውታልያ ቤት ነው። ሳብኳት፣ ገገመች። በቅሎ ከገገመች ጳጳስም አያስኬዳት። ምን ላድርግ፣ ጎህ ሳይቀድ አጥሩ ሥር አራገፍኩ። መልሼ እንዳልጭን ወገቤን አሞኛል።

ሦስት።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 16

ማርኬዛ ዛሬም ተሳሳተች። ሦስት።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 21

የማታ ትምህርት። ማርሉሲያ ስለ ዝናብ የተጻፈ ምንባብ ሰጠችን፣ ዶና ኢውታልያ ተነሥታ አነበበች። ከእኔ ፊት ነው የምትቀመጠው። ከእኔ ፈጥና ታነባለች፤ መነጽሯ አዲስ ስለሆነ ነው። ጸጉሯን በሦስት የጸጉር ሽቦ ነው የምትይዘው፣ አንዱ ዛሬ አልነበረም። "ደመና" የሚለው ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ ደመናው እንዳይሰማ ይመስል። ተራዬ ሲደርስ የት እንደቆምን ጠፋኝ። ማርሉሲያ "ጉሜርሲንዶ፣ ዛሬ ሐሳብዎ የት ነው?" አለች። አውሮፕላን ላይ አልኳት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፣ ዶና ኢውታልያ ግን ዞር ብላ አየችኝ እንጂ አልሳቀችም።

የጸጉር ሽቦ ከተማ ሱቅ ይሸጣል ይሆን።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 23

ሦስት። ማክሰኞና ቅዳሜ መሳሳት የማርኬዛ ልማድ ሆኗል፤ ሌላ የምጽፈው ባጣም ቁጥሯን በገጹ ጠርዝ አሰፍራለሁ። ውሻዋ አሁን አይጮህብኝም።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 29

ዛሬ ሚዛን ቤቱ ሰው ሞልቶ ነበር። የእያንዳንዱን ጆንያ ድምር ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ ድምፄ ለዚህ የተፈጠረ ነው። የራሴ ስም ላይ ስደርስ ግን ትንሽ ቀነስኩት። አበልጄ ኦዞሪዮ የሚያልፈው ሰው አይደለም።

"እስቲ ድገመው አበልጄ፣ አልሰማሁም።"

"ሃያ አንድ።"

"ዘጠና ዛፍ ይዘህ ሃያ አንድ? ዛፎችህ ወሬህን ሲሰሙ ውለው ደክሟቸው ነው።"

ሊቀመንበሩ ቫልዲቪኖ እንኳ በጢማቸው ውስጥ ሳቁ። በአርባ ሦስቱ ቤተሰብ መካከል ከታች ሁለተኛ ነኝ። እኔ፣ በዚህ ሸለቆ ትልቁን ዱባ ያበቀልኩ። መልስ አልጠፋኝም፣ አሥር መልስ ነበረኝ። አንዱንም አልተናገርኩም። የሚገርም ነው፤ ዝም ማለት እንዲህ ቀላል መሆኑን ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

ማርሉሲያ ፈረመች።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 3

ዝናብ። ጭቃ እስከ ማርኬዛ ጉልበት። ሦስት።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 10

ሦስት አድርሼ ስመለስ የማየውን ማመን አቃተኝ። የእኔ አጥር ሥር ሁለት ጆንያ ተቀምጧል። ሙሉ፣ አፉ በሲባጎ የታሰረ። አንድ ሰው ለእኔ አዝኖልኛል። ለእኔ። የማን እንደሆነ አይጠየቅ እንጂ ብጠይቅ ኖሮ አንገቱን ነበር የምይዘው። ተናድጄ ሁለት ጊዜ ዞርኩት፣ ከዚያ አስገባሁት። መዝገብ ላይም በስሜ አሰፈርኩት። የተሰጠ የተቀባዩ ነው።

ዓርብ፣ ዲሴምበር 13

ትምህርት ለበዓሉ ተዘጋ። ማርሉሲያ ቤቷ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው፣ ዓርብ ዓርብ ደብተሩን አምጡልኝ፣ ቆሜም ቢሆን እፈርማለሁ አለች። ዶና ኢውታልያ ስንለያይ ለሁሉም እጇን ሰጠች። የእኔን እጅ ስትጨብጥ "ፍሬ ጥሩ ነው ዘንድሮ?" አለችኝ። እንደ ነገሩ ነው አልኳት። "የእኔ ግን ተባርኳል፤ አጥሬ ሥር ሰው ጆንያ መተው አላቆመም። ማን እንደሆኑ እግዜር ይወቅላቸው" አለች።

እግዜር ያውቃል። ማርኬዛም ታውቃለች።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 7

ትናንት የሦስቱ ነገሥታት በዓል ነበር። ከበሮ መታሁ፤ ከእኔ በላይ የመታ አልነበረም፣ ጆሮ ያለው ይመስክር። ዛሬ ማልጄ ሦስት። ፍሬው እያለቀ ነው።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 11

ሦስት። የዘንድሮው የመጨረሻ ይመስለኛል። ማርኬዛ ሥራ ስትፈታ ምን ትሆን ይሆን።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 14

ኦዲተሯ መጣች። ሉድሚላ ትባላለች፣ እኛ ዶክተር እንላታለን፤ ጫማዋ ንጹሕ ስለነበር። እስከ ማታ ግን እንደኛው ጭቃ ሆነ፣ ደስ አለችኝ። ምሳ ላይ ፔኪ ቀርቦላት ልትነክሰው ስትል ዶና ኢውታልያ እጇን ያዘቻትና "ላዩን ብቻ በጥርስሽ ፋቂው ልጄ፣ ውስጡ እሾህ ነው" አለቻት። የቀኑ መልካም ሰዓት ያ ነበር።

ዶክተሯ መዝገቡን አየች። ጽሕፈቱ ግልጽ ነው አለች። አበልጄ ኦዞሪዮ እንዲሰማ ሁለተኛ እንድትለው ምክንያት ፈጠርኩ። ከዚያ ወደ መሬቱ ወጣን። ስልኳ ላይ አገራችን ከሰማይ ይታያል፣ ጣሪያዬ ላይ ያለው የተቀደደ ላስቲክ ሳይቀር። ዶና ኢውታልያ ዘንድ ስንደርስ ዛፎቹን አንድ በአንድ ቆጠረች። ሠላሳ። መዝገቡን ገለጠች። መቶ አሥራ አንድ ጆንያ። ዛፎቹን እንደገና ቆጠረች።

"ዶና ኢውታልያ፣ ሠላሳ ዛፍ ቢበዛ አርባ አምስት ጆንያ ነው የሚሰጠው። ሌላው ከየት መጣ?"

"ከአጥሬ ሥር።"

"ማን አስቀመጠው?"

"እሱ አይጠየቅም፣ ልጄ።"

ዶክተሯ ቀና ብላ ከአጥሩ ማዶ አየች። ማዶው የከብት አርቢው መሬት ነው፤ የዛሬ አራት ዓመት ጫካው በማሽን ተጠርጎ ማካውባዎቹ ብቻ ቆመው የቀሩበት። ፍሬያቸው እዚያ ረግፎ ነው የሚውለው። መዝገቡ "መሬት፣ የኢውታልያ" ይላል፣ ዛፉ ግን አይበቃም። ሌላ ምን ታስብ? ማንም ያንኑ ነው የሚያስበው።

መዝገቡን ታቅፌ አጠገቧ ቆሜያለሁ። ይህ አፍ ስንት ጊዜ ያለ ሥራ ሲከፈት ኖሮ ዛሬ ተቆለፈ።

ቅዳሜ ስብሰባ ይሁን አለች ዶክተሯ፣ እስከዚያ እዚሁ አለሁ። የፍሬው ምንጭ እስከ ቅዳሜ ካልታወቀ ዶና ኢውታልያ ከማኅበሩ ትሰረዛለች፣ የቀሩት ወረቀትም ቢያንስ እስከሚቀጥለው ወቅት ይቆያል። በቁጣ አይደለም የተናገረችው። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 15

ጨው ልገዛ ሱቅ ገባሁ። ከጆንያዎቹ ጀርባ ሁለት ሰዎች ያወራሉ፣ አላዩኝም። አንደኛው "ጉልበቴን አሞኛል ትላለች፣ ማዶ ለመሻገር ግን አላመማትም" አለ። ሌላኛው "ባልቴት ናት ብለን ስናዝን አርባ ሁለታችንን ሸጠችን" አለ። ሁለቱም የደቦው ቀን ነበሩ። ሁለቱም የፔኪ ሩዟን በልተዋል።

ጨው ሳልገዛ ወጣሁ። ዞሬ ለመግባትም አሰብኩ፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ እያሰብኩ ሄድኩ።

ምን ልበል? ብናገር መዝገቡን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ጉሜርሲንዶ፣ ጽሕፈቱ ግልጽ ነው የተባለልኝ። ከሰው ሁሉ በፊት እኔ ማወቅ ነበረብኝ፣ የተሰጠ የተቀባዩ ቢሆንም ዛፉ የሰጪው ነው። ደግሞስ ለምን ሰጠህ ይሉኛል። ለምን? በቅሎዋ ገግማ ነዋ። አሥራ ስምንት ጊዜ።

እራት አልበላሁም። ባቄላው አርሮ ነበር፣ ለዚያ ነው።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 16

አበልጄ ኦዞሪዮ መጣ። ዛሬ ቀልድ አልያዘም፣ ተቀመጠና ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ገጹን ቅደደው አለኝ። አዲስ ጻፍ፣ ለሷ አርባ አምስት አድርግላት፣ ሌላውን ለአርባ ሁለታችን አንድ አንድ ሁለት ሁለት እያልክ በትነው፣ ማን ያውቃል አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ሁለቱንም ሊያድን ነው፣ እሷንም ወረቀቱንም።

ከሄደ በኋላ ብጣሽ ወረቀት ላይ ሞከርኩት። ኢውታልያ፣ አርባ አምስት። ጽሕፈቱ ያማረ ነበር። ግን እያየሁት አስጠላኝ። ሳወራ ስንት ውሸት ተናግሬያለሁ፣ ዱባው እንኳ እንዳልኩት ትልቅ አልነበረም። የሚወራ ውሸት ይበናል። ይሄኛው ግን ወረቀቱ ላይ ተኝቶ ያየኛል፣ ጠዋትም ስነሣ እዚያው ነው። ይህን ማርሉሲያ አላስተማረችንም።

ብጣሹን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 17

ደብተሬን ይዤ ማርሉሲያ ቤት ሄድኩ። ፈርማ ስትጨርስ እስክሪብቶውን አልመለሰችልኝም። ዶና ኢውታልያ ጠዋት መጥታ ነበር አለችኝ። ደብዳቤ ልትጽፍ። የሕይወቷ የመጀመሪያ ደብዳቤ። ሁለት ሰዓት ፈጀባት፣ አንድም ቦታ አላረምኩላትም አለችኝ።

ለማን ነው አልኩ።

"ለማኅበሩ። የመሰናበቻ ነው። ሰው በእኔ ምክንያት ወረቀት አያጣም አለች።"

ወደ ቤት ስመለስ ማርኬዛ መታጠፊያው ላይ ወደ ለመደችው ቤት ዞረች። ጭነት የላትም፣ ምንም። ይዣት ቆምኩ። የዶና ኢውታልያ ኩሽና ጭስ ይታያል። ጎትቼ ወደ ቤት አመጣኋት።

ደብተሩን ገልጬ ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩት። አሥራ አንድ ዓርብ፣ አሥራ አንድ ፊርማ ከነቀኑ። በመካከላቸው "ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት"።

አላነብም ብላ ስትፈርም የኖረችው መምህር ምን ላይ ስትፈርም እንደኖረች አታውቅም።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 18

ጽሕፈቴ ዛሬ ግልጽ አይደለም።

ሚዛን ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ዶክተሯ ከፊት፣ ሊቀመንበሩ አጠገቧ፣ ዶና ኢውታልያ በር አጠገብ፣ ለመውጣት የቀለላት ወንበር ላይ። ሊቀመንበሩ ደብዳቤ ደርሶናል አሉና ዓይናቸው ስለማይረዳቸው ለእኔ ሰጡኝ። መዝገብ ያዡ ያንብብ አሉ። አዎ፣ እኔ። ከእኔ የተሻለ ካለ ይምጣ ያልኩት።

ተነሥቼ አነበብኩ። "እኔ ኢውታልያ በፈቃዴ ከማኅበሩ ወጥቻለሁ። ወረቀቱ ለሌሎቹ ይሰጥ። ከማዶ አንድም ፍሬ አላነሣሁም። አጥሬ ሥር ጆንያ ለተዋችሁልኝ ሁሉ፣ እነማን እንደሆናችሁ ባላውቅም፣ አመሰግናለሁ።"

  ደብዳቤውን አጠፍኩና ኪሴ ከተትኩ፣ ከሌላኛው ኪሴ ይህን ደብተር አወጣሁ።

"ሌላም የሚነበብ አለ" አልኩ።

አበልጄ ኦዞሪዮ "ደግሞ ምን መጣ" አለ፣ ማንም አልሳቀም።

ከደቦው ቀን ጀመርኩ። አሥራ ሁለት ጆንያ፣ ከአሥራ ሁለት ሰው። ስማችሁን አነበብኩ እንዳይባል ስም አልጻፍኩም ነበር፤ ያኔ የነበራችሁ እጃችሁን አውጡ አልኩ። በመጀመሪያ ማንም አላወጣም። የአገሩ ደንብ ከባድ ነው። ከዚያ ኦዞሪዮ አወጣ፣ ቀጥሎ ያ ሱቅ ውስጥ የነበረው፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። አሥራ አንድ እጅ ሆነ። አሥራ ሁለተኛውን እኔ አወጣሁ። ቀጠልኩ። ማክሰኞ ኖቬምበር አሥራ ሁለት፣ በቅሎዬ ወደ ግራ አለች፣ ሦስት። ቅዳሜ አሥራ ስድስት፣ ሦስት። ሃያ አንደኛውን ቀን ዘለልኩት፣ ስለ ፍሬ አይደለም። ዝናቡን አነበብኩ። ውሻውን አነበብኩ። ሳቅ መጣ፣ ጥሩ ሳቅ ነው። ወደ መጨረሻው ግን ሳቁ ቀረና "ሦስት" ባልኩ ቁጥር አንዳንድ ሰው አብሮኝ ይቆጥር ጀመር። አሥራ ስምንት ጊዜ። ሃምሳ አራት ጆንያ።

በር አጠገብ ወዳለው ወንበር አላየሁም። አንድ ጊዜ ብቻ።

ዶክተሯ ደብተሩን ጠየቀችኝ። ሰጠኋት፣ ልብሴን ያወለቅኩ መሰለኝ። ፊርማዎቹን አየች፣ ማርሉሲያን ቀኑን አንቺ ነሽ የጻፍሽው ብላ ጠየቀቻት። ማርሉሲያ በየዓርቡ፣ ሳላነብ አለች። ከዚያ ዶክተሯ ተነሥታ ዛፎችዎን ያሳዩኝ አለችኝ። ስብሰባው በሙሉ ተከትሎን ወጣ። ዘጠና ቆጠረች። ማስያዋን ነካ ነካ አደረገች። በስሜ የተመዘገበው፣ ለደቦው የሰጠሁት፣ ማርኬዛ የተሳሳተችው፣ ሁሉም ሲደመር ዘጠና ዛፍ የሚሰጠውን ያህል ሆነ። የዶና ኢውታልያም አርባ አምስት ቀረ፣ እንደ ዛፏ።

"ፍሬው ንጹሕ ነው፣ መዝገቡ ነው የተሳሳተው" አለች። "ይህ የሚታረም ጥፋት ነው፤ አርባ ቀን አላችሁ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ለምን በስምዎ አላስመዘገቡትም?"

ኦዞሪዮ ቀደመኝ። "ዶክተር፣ እሱ አይጠየቅም" አለ።

እሁድ፣ ጃንዋሪ 19

ተኛሁ። ቀኑን ሙሉ። ማርኬዛም።

ዶና ኢውታልያ ደብዳቤዋን ትፈልገው ይሆን፣ ኪሴ ውስጥ ነው። ካልጠየቀችኝ አልመልስም።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 28

መዝገቡን አዲስ አደረግነው። አሁን ለእያንዳንዱ ጆንያ ሁለት ቦታ አለው፣ አንዱ ዛፉ የማን እንደሆነ፣ አንዱ ለማን እንደተሰጠ። ሊቀመንበሩ አጥር ሥር ጆንያ የተወ ሁሉ ለመዝገብ ያዡ ብቻውን ይንገረው፣ ጉዳዩ ከመዝገብ አይወጣም አሉ። ሰው አንድ በአንድ ይመጣል፣ ኑዛዜ ይመስል ዝቅ ብሎ ያወራል። ይህ አገር ምን ያህል ጆንያ ሲደብቅ እንደኖረ ባወራው የሚያምነኝ የለም። አላወራውም። እኔ፣ እንዳላወራ የታመንኩ።

የመጨረሻው አበልጄ ኦዞሪዮ ነበር። ባርኔጣውን እያሽከረከረ "ዲሴምበር ላይ፣ ሁለት" አለ።

ለማን አልኩት።

"ጻፈው ብቻ። አንድ ወሬኛ ነው፣ ዛፎቹ መክነውበት አሳዘነኝ።"

ጻፍኩት።  የተናደድኩበትን ያህል ደስ አለኝ።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 13

የማታ ትምህርት ተከፈተ። ቦታችን እንዳለፈው ነው፣ ዶና ኢውታልያ ከፊት እኔ ከኋላ። ስንወጣ በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

"ያኔ ሲያነቡ አንድ ቀን ዘለሉ" አለችኝ።

ስለ ፍሬ አልነበረም አልኳት።

"እሱማ ገብቶኛል። ደብተሩን ለአንድ ሳምንት ያውሱኝ።"

አሁን የምጽፈው የማስረክበው ገጽ ላይ ነው። ውጭ ቆማ ትጠብቃለች። ጽሕፈቴን ያየ ሰው እንዳይስቅብኝ እንጂ ምንም የሚደበቅ የለኝም።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 21

ወረቀቱ መጣ። ማኅተም አለው፣ የማኅበሩ ስም በትልቁ ተጽፏል። ሊቀመንበሩ አንብበው አሉኝ፣ አራት ጊዜ አነበብኩት፣ በአራተኛው ኦዞሪዮ "አበልጄ፣ አውሮፕላኑ ያላንተም ይነሣል፣ ተቀመጥ" አለ። ከሰዓት በኋላ አንድ አውሮፕላን በሸለቆው ላይ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ቀና አለ። ገና የእኛ ዘይት አልደረሰውም፤ ቢሆንም ባርኔጣዬን አውልቄ አሳለፍኩት።

ደብተሬ ተመለሰልኝ። ማርሉሲያ ስትፈርም ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላ አየችኝ፣ አላነብም ያለችው ሰው። ቤቴ ገብቼ ኖቬምበር ሃያ አንድን ገለጥኩ። ገጹ መካከል ላይ አንድ የጸጉር ሽቦ ተሰክቷል። ከሥሩ በዶና ኢውታልያ ጽሕፈት፣ ከእኔ ይልቅ በሚያምር፣ ይህን መጻፍ ደግሞ ቀላል አይደለም፣ እንዲህ ይላል፦

"ነገ ቅዳሜ ነው። ማርኬዛን ፍታትና ልቀቃት፣ መንገዱን ታውቀዋለች። አንተ ዝም ብለህ ተከተላት። ጆንያ ግን እንዳትይዝ።"